ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከኮሮና ወዲህ ከወንበር ያልተነሣ መምህር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 42 ነው፤ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ከኮሮና በፊት ከታክሲ መውረጃ እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ክፍል፣ ከክፍል እስከ ላይብረሪ ስመላለስ እውል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜም ከባልደረቦቼ ጋር ኳስ እንጫወት ነበር። መጋቢት 2012 ትምህርት ሲቋረጥ ሥራዬ ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ገባ። ካምፓሱ ከተከፈተ ቆየ፤ እኔ ግን አሁንም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼን የማማክረው በኦንላይን ነው፤ ስብሰባውም በዙም ሆኗል። 11 ኪሎ ጨምሬ 86 ገብቻለሁ። ወገቤን ያመኛል፣ ማታ ማታ እግሮቼ ያብጣሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። በ2013 ኮቪድ ይዞኝ ስለነበር ሳንባዬን ጎድቶት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ወደ ኳሱ ልመለስ ወይስ ጂም ልመዝገብ? አብሮን የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ተማሪ ነው፤ እሱም አልጋው ላይ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ነው የሚውለው።

መልስ፦ ኳሱ ለጊዜው ይቆይ፤ ጂሙ ደግሞ ግዴታ አይደለም። ከሁለቱም በፊት አንድ ጠዋት ለምርመራ ይስጡ። ክብደት ጨምሮ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ እግር ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከእንቅስቃሴ መራቅ ነው። ይሁንና ደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ድካምና የኩላሊት ችግርም በዚሁ መልክ ስለሚመጡ በግምት መለየት አይቻልም። የደም ግፊት ልኬት፣ ምግብ ሳይቀምሱ የሚወሰድ የደም ስኳር፣ ሄሞግሎቢን (ደም ማነስን የሚያሳይ)፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ)፣ የሽንት ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ግፊትዎ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። ስኳር በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ለስኳር በሽታ መቃረብዎን ያሳያል፤ 126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ራሱ ነው። የወገብዎን ዙሪያ ደግሞ ራስዎ ይለኩት፦ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ሆድዎን ሳያስገቡ። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስቡ የተከማቸው በማይፈለግበት ቦታ ነው።

የእግርዎ እብጠት በሁለቱም እግር እኩል ከሆነ፣ ማታ ታይቶ ጠዋት የሚጠፋ ከሆነ፣ ከመቀመጥ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ መኮማተር ነው፤ ባት ለሰዓታት ካልተንቀሳቀሰ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ፊትዎም ጠዋት ጠዋት የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረቡ መተኛት ካቃትዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ አያራዝሙ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባት ውስጥ ሕመምና ሙቀት ካለው በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት አለበት፤ ማሸትም አይገባም። ሲንቀሳቀሱ ደረትን የሚያፍን ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከወገብ ሕመም ጋር የመጣ የእግር መስነፍ፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው።

ስለ ሳንባዎ፦ በ2013 ቤትዎ ሆነው አገግመው ከነበረ፣ ከዚያም በኋላ ለወራት ደህና ከነበሩ፣ ዛሬ ፎቅ ላይ ለሚያጥርዎት ትንፋሽ ኮቪድን መጀመሪያ አልጠረጥርም። አንድ ነገር ግን ራስዎን ይታዘቡ። እንቅስቃሴ በሠሩ ማግሥት ወይም በሦስተኛው ቀን አልጋ የሚያስይዝ ድካም፣ የሐሳብ መደብዘዝና የሰውነት መቆራረስ የሚመጣ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን «በየሳምንቱ ጨምር» የሚል ምክር አይከተሉ። ይህ ከኮቪድ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚቀር ሕመም ምልክት ነው፤ ሰውየው በጉልበት በገፋ ቁጥር ይብሳል። ተራ የጡንቻ መዛል ግን በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል፣ ሥራም አያስፈታም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እርስዎ ያጡት የቅዳሜውን ኳስ ብቻ መስሎዎታል። ኳሱ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የበለጠ የጎዳዎት ማንም ስፖርት ብሎ የማይቆጥረው መመላለስ መቅረቱ ነው፦ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም፣ ደረጃው፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ሕንፃ መቀየር፣ ጠመኔ ይዞ በሰሌዳው ፊት መዘዋወር፣ ለማኪያቶ እስከ ካፌ መውረድ። ወረርሽኙ ከዩኒቨርሲቲ ሰው የወሰደው በዋናነት ይህንን ነው። ሲከፈት ኳሱ ተመለሰ፣ ጂሙም ተመለሰ፤ ዙም ስለቀጠለ ግን መመላለሱ አልተመለሰም።

እንቅስቃሴ መሥራትና ብዙ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው የግድ አይቀንስም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት በስፔን ዛራጎዛ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ተማሪዎቹ በሳምንት የሚሠሩት ስፖርት ጨመረ፣ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ሰዓትም አብሮ ጨመረ። በሌሎች አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ደግሞ እንቅስቃሴው ሲቀንስ መቀመጡ ሲጨምር ነው ያገኙት። እንደ እርስዎ ቀድሞ ንቁ የነበረ ሰው የሚያጣው ብዙ ስለሆነ መውደቁም የጎላ ይሆናል።

አቅም ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ የታወቀው ከኮሮና በፊት ነው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ሲለኩ የ30 ዓመቱ እርጅና የጎዳቸው ከሦስቱ ሳምንት አልጋ ያነሰ ነበር። በ50 ዓመታቸው ለ6 ወር ቀስ በቀስ ሲለማመዱ ደግሞ ዕድሜው የወሰደውን አቅም መለሱት። በ42 ዓመት የሦስተኛ ፎቅ ትንፋሽ ይመለሳል፤ የሚፈልገው ወራት ነው።

ከወንበሩ ይጀምሩ፤ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። በየ30 ደቂቃው ተነሥተው ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይራመዱ። ከምግብ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት በየ20 ደቂቃው ቢሆን ይመረጣል፤ ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መቀመጥን በየ20 ደቂቃው በ2 ደቂቃ እርምጃ ማቋረጥ ብቻ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ቀንሶታል። የስልክ ማንቂያ ለሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምደውና ያጠፉታል። ስለዚህ መነሣቱን ከሥራው ጋር ያያይዙት። የስልክ ጥሪ ሁሉ በመቆም ወይም በመራመድ ይሁን። ሁለት ሊትር ውኃ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፤ በግማሽ ሊትር ኮዳ እየቀዱ ይጠጡ፣ ለመቅዳትም ለሽንትም ይነሣሉ። የፈተና ወረቀት ሲያርሙ አሥር አሥሩን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ የቀረው ክምር ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የዙም ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከሆነ መሐል ላይ 5 ደቂቃ ዕረፍት ያውጁ፤ ተማሪዎችዎም ያመሰግኑዎታል።

ቆሞ መሥራት ይሻላል ብለው ጠረጴዛ የሚያስቀይሩ አሉ። ዝም ብሎ መቆም ከመቀመጥ ጋር ሲተያይ የሚያቃጥለው ተጨማሪ ጉልበት በደቂቃ ከአንድ ካሎሪ በታች ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልም በራሱ እግር ያሳብጣል፣ የደም ሥርም ያስወጣል። ገንዘቡን ለጥሩ የመራመጃ ጫማ ያውሉት።

የወገብዎ ሕመም ግማሹ ከላፕቶፑ ሳይሆን አይቀርም። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ ወይ አንገት ይጎነበሳል ወይ ትከሻ ይነሣል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ እኩል እስኪሆን ከሥሩ መጻሕፍት ይደርድሩ፣ የተለየ ኪቦርድና ማውስ ይሰኩ። ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ መርገጫዎ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ካርቶን ወይም ዱካ ከሥሩ ያድርጉ። ከወንበሩ መደገፊያና ከወገብዎ መካከል ባለው ክፍተት የተጠቀለለ ፎጣ ይግባ።

ለእርምጃው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። ቀድሞ የነበረው «ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ተነሥቷል፤ የ4 ደቂቃ ደረጃም ይቆጠራል። መካከለኛ ማለት እያወሩ መራመድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ነው። በእርምጃ ከቆጠሩት በደቂቃ 100 አካባቢ፣ ማለትም በ15 ሰከንድ 25 ይመጣል። ቁልቁለት ሲወርዱና ዳገት ሲወጡ ግን ቁጥሩን ትተው በንግግሩ ይመሩ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በዳገቷ ላይ ጤነኛም ትንፋሽ ያጥረዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ 10፣ 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይራመዱ። ከዚያ በየሳምንቱ በአንዱ ዙር ላይ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ በስምንተኛው ሳምንት በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን፣ ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ደቂቃና ዳገት በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ሰዓት ይሮጣል፣ ረቡዕ ጉልበቱ ያብጣል፣ አርብ ይተወዋል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ሁለት ዙሩን ሊሸፍንልዎት ይችላል። ጠዋት የሚወጡ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይንጋ፤ በጨለማ መኪናውም የሰፈር ውሻውም አይታይም። በጾም ወቅት ቀለል ያለው እርምጃ ጠዋት ይሁን፤ ጡንቻ ማጠንከሪያው ጾም ከተፈታ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢሠራ ራስ አያዞርም።

ለማጠንከሪያው ጂም አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ዐርፈው፣ ክንድዎን ደረት ላይ አጣምረው ከወንበር 8 ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ፤ በግድግዳ ላይ 8 ፑሽ አፕ፤ ጠረጴዛ ይዘው 12 ጊዜ በእግር ጣት መነሣት፤ በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው ዳሌን 10 ጊዜ ወደ ላይ ማንሣት፤ በመጨረሻም በሁለት እጅ አምስት አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ይዘው ቀጥ ብለው ለ30 ሰከንድ መራመድ። ሁሉንም ሁለት ዙር። ሲጨርሱ ሁለት ሦስት መጨመር የሚችሉ ሆነው ይቁሙ፤ አምስት ስድስት መጨመር ከቻሉ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩን ያሳድጉ። ትንፋሽዎን ይዘው አይግፉ፤ ግፊት ላለበት ሰው በተለይ አደገኛ ነው። የወገብ ሕመም ወደ እግር የሚወርድ ሆኖ ከተገኘ ጀሪካኑን ይተዉት።

11 ኪሎው በእርምጃ ብቻ አይወርድም። የ30 ደቂቃ እርምጃ በእርስዎ ክብደት ከ130 እስከ 160 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። በቀን አምስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጡ ከሆነ ወደ 240 ካሎሪ በሻይ ብቻ ገባ ማለት ነው። ከምንም በፊት ስኳሩን በግማሽ ያውርዱ፤ እንጀራውን በሁለተኛው ወር እንነጋገርበታለን።

ኳሱ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ፣ የምርመራው ውጤት ደህና ከሆነ። ለዓመታት ያልሮጠ ሰው በድንገት ሲሮጥ የሚበጠሱት የተረከዝ ጅማት፣ ባትና ቋንጃ ናቸው፤ ለልብም ቢሆን ድንገተኛ ከባድ ጥረት ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው እንቅስቃሴ የለመደውን ሳይሆን ያልለመደውን ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ 15 ደቂቃ ብቻ ይጫወቱ፣ ከዚያ በፊት 10 ደቂቃ ያሟሙቁ፤ ሲደክምዎ ግብ ጠባቂ መሆን አያሳፍርም።

የባለቤትዎን ወንድም «ተነሥ፣ ስፖርት ሥራ» ማለት ሰሞነኛ ውጤት እንኳ አያመጣም። አልጋውን ለእንቅልፍ ብቻ ያድርገው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ የስልክ ቻርጀሩን ከአልጋው ርቆ ሌላ ክፍል ያስቀምጥ። የትምህርት ቅጂ በድምፅ የሚሰማ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይራመድ። ከእንቅልፉ እስከ ቀትር የማይነሣ፣ ምግብ የጠላ፣ ቀድሞ ደስ ይለው ከነበረው ነገር ሁሉ የራቀ ሆኖ ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ስንፍና አይበሉት፤ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያነጋግረው። ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ አብራችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ መንገዱንም በእግር።