መልስ፦ ፖሊስን ማጠቃለል ወጪ ይቀንሳል ወይ?

ወንድሜ፣ «የየአካባቢው ፖሊስ ተጠቃሎ አንድ ብሔራዊ ፖሊስ ቢሆን ወጪ አይቀንስም ወይ?» ብለሃል። ስኮትላንድን እይ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ስምንት የፖሊስ ተቋማት ተዋህደው አንድ ሆኑ።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከባድ የግድያ ምርመራ ሲመጣ ትንሿም አካባቢ የተካነ መርማሪ ታገኛለች። ቁጠባው ግን እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። ስምንቱ ይመለስላቸው የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ ለአዲሱ ተቋም መመለሱ ቀረ፤ እስከ 2018 ድረስ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ፓውንድ ከፈለ።

እኔን የሚያመኝ የስልኩ ነገር ነው። የጥሪ ማዕከላት እየተዘጉ ሥራው ወደ ጥቂት ቦታ ተሰበሰበ። በጁላይ 2015 አንድ ሰው ከኤም 9 አውራ ጎዳና ዳር የወደቀ መኪና አይቶ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ፖሊስ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሲስተም ውስጥ ግን አላስገባውም። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፖሊስ የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አንዱ ሞቶ ተገኘ፤ ሌላዋ በሕይወት ብትገኝም ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

እና ውህደቱን አልቃወምም። ግን አዲሱ ሲስተም በደንብ ሳይፈተሽ፣ ስልክ የሚያነሱት ሰዎች ሳይሠለጥኑ አሮጌው ማዕከል አይዘጋ።