ከማኔጅመንት ወደ ቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስ ይከብዳል ወይ?

እህቴ፣ «ማርቆስ ነው ያለሁት፤ በማኔጅመንት ዲግሪ ቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስና ገቨርናንስ ለማስተርስ ብማር እችለዋለሁ? ለእኛ አገርስ ምን ይሠራል?» ብለሻል።

ቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስ ሰው በተግባር እንዴት እንደሚወስን የሚያጠና ዘርፍ ነው። የሚያስቸግርሽ ኢኮኖሜትሪክሱ፣ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተኑ ነው። ስታታ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከአሁኑ ነካ ነካ አድርጊ፤ እኔ ሳልነካው ገብቼ ስንት ሌሊት አንግቼበታለሁ። ሌላው ይደረስበታል።

ጥቅሙን ግን እዚያው ጎጃም እዪው። ገበሬው ጤፉን ወቅቶ ሲሸጥ እጁ ላይ ብር አለ። ከዚያ የጥር ሠርግ፣ ተዝካር፣ ዕዳ ይመጣና ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ የሚሆን ይጠፋል። «አይገባውም እኮ» የሚል ባለሙያ መቼም አይታጣም። ዱፍሎ፣ ክሬመርና ሮቢንሰን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ምዕራብ ኬንያ ላይ ሞክረው በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሌላ ነው የሚያሳየው፦ የማዳበሪያው ዋጋ ሳይቀነስ፣ ልክ በመኸሩ ማግስት «አሁን ክፈል፣ ቤትህ ድረስ በነፃ እናመጣልሃለን» ሲባል የገዢው ቁጥር ጨመረ። እቁባችንም እኮ ያው ነው፤ ሰው ብሩን ከራሱ እጅ የሚያስጥልበት ዘዴ።

ለገቨርናንሱ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችውን ኤሊኖር ኦስትሮምን አንብቢ፤ የጋራ ሀብት አስተዳደር ላይ ነው የሠራችው። ከዚያ መራዊ ወርደሽ የቆጋ መስኖ ላይ ውሃውን የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት ጠይቂው፦ ቦይ ጠረጋ የሚቀረው ማን ነው፣ ቅጣቱንስ ማን ይከፍላል? ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ይበቃሻል።