ከሳጥኑ የወጣው ቀስት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ሳጥን ተሥሏል፤ ሳጥኑ ውስጥ ፀሐይ፣ አልጌ፣ አሳና ወፍ አሉ። የሷ ሥራ ማን ማንን እንደሚበላ በቀስት ማገናኘት ነው። ስታገናኝ ቆየችና ቀና ብላ፣ "አባባ፣ ቀስቱ ከሳጥኑ መውጣት ይችላል?" አለችኝ።

ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ይህን ጥያቄ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አውቀዋለሁና።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች አንድ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ጠመኔ ደረት ኪሴ ውስጥ ሰክቼ ስገባ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን የማከብራቸው ምልክት አድርጌ ነበር የምወስደው። ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ደረሰና አንድ ጥያቄ አወጣሁ፤ በአብያታ ሐይቅ ያለውን የምግብ ሰንሰለት በሥዕል አሳዩ፣ አሥር ማርክ። መልሱ መጽሐፉ ላይ ነበረ። አልጌ፣ ቆሮሶ፣ ፔሊካን። ሦስት ቃል፣ ሁለት ቀስት። ቆሮሶ አሳ ነው፤ ፔሊካን ደግሞ አሳ የሚበላ ትልቅ ወፍ።

አንድ ልጅ ሌላ ነገር ሥሎ አመጣ። አባቱ በአብያታ ዳር መረብ የሚጥል ሰው ነበር። ልጁ ሰኞ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በተከራዩት ክፍል ሳምንቱን ያሳልፍና ዓርብ በእግሩ ይመለሳል። ወረቀቱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ሁለት ክብ አለው። በአንደኛው ክብ አልጌና ቆሮሶ አሉ። ሁለተኛው ክብ መሐል ትንሽ ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ በእስክርቢቶ የተነጠበጡ ነጥቦች አሉ፤ ጫጩቶች መሆናቸው ነው። በሁለቱ ክቦች መካከል ተራራ ቆሟል። ከመጀመሪያው ክብ የተነሣ ረጅም ቀስት ተራራውን ተሻግሮ ደሴቷ ላይ ያርፋል። ከተራራው በላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል "ጠዋት 4 ሰዓት" ብሎ ጽፏል።

በቀይ ኤክስ አደረግኩበት። ከአሥር አምስት። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ፣ ሥርዓተ ምህዳር (በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ፍጥረታትና አካባቢያቸው) ወሰን አለው ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱንም ለብቻው ከበብኩት፤ የምግብ ሰንሰለት ላይ ሰዓት ምን ይሠራል?

ወረቀቱ ሲመለስ ልጁ ተነሣ። "ቲቸር፣ ፔሊካኖቹ እኮ የሚፈለፍሉት ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ውስጥ ደግሞ አሳ የለም ማለት ይቻላል።" እኔም "መጽሐፉ ላይ አለ?" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ።

መጋቢት ላይ የጂኦግራፊ መምህር ጓደኛዬ ሻላን ካላሳየሁህ ብሎ ይዞኝ ሄደ። በጭነት መኪና ተሳፍረን፣ ከዚያ በእግር። ልብ በሉ፤ ከሐይቁ ጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጬ አራት ዓመት ሙሉ ስለሱ ሳስተምር አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። ጓደኛዬ ቃሪያ በዳቦ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ያቃጠለኝ ቃሪያ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ፍል ውሃው ዳር እረኞች በቆሎ በጆንያ እየነከሩ ይቀቅሉ ነበር፤ አንድ ራስ ሰጡን፤ ጨው ጨው ይላል።

ከገደሉ አፋፍ ሆነን ደሴቷን በመነጽር አየናት። ነጭ ናት። መጀመሪያ ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ፔሊካኖቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አንዱም አይነቃነቅ። ምን እየጠበቁ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጓደኛዬም አያውቅም። ፀሐይ ጠንክራ ድንጋዩ መሞቅ ሲጀምር አንድ አሥራ አምስት የሚሆኑ ተነሡ። ክንፋቸውን ብዙም አያርገበግቡም፤ የሞቀው አየር ላይ ተንጠልጥለው እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ ነጥብ እስኪያክሉ ወጡ። ከዚያ ተራራውን አልፈው ወደ አብያታ ተንሸራተቱ። ሰዓቴን አየሁ። አራት ከሩብ።

አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍ በማለዳው ቀዝቃዛ አየር ተራራ ልውጣ ቢል ጫጩቱ የምትበላውን በመንገድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አየሩ እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ፀሐይ በነጻ እንድታነሣው። ልጁ ሰዓቱን የጻፈው ለዚህ ነበር። የኃይል ስሌቱን አስገብቶት ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ስለ ኃይሉ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ቁጭቴ አይገባችሁም። እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል። ከተማገደው እንጨት አብዛኛው ሙቀት ወደ ጭስ፣ ወደ ጉልቻው፣ ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይሄዳል፤ ምጣዱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሐይቅም እንዲሁ ነው። አልጌው ከፀሐይ ይይዛል። ቆሮሶው አልጌውን ይበላል፤ ከበላው አብዛኛውን ሲዋኝና ሲተነፍስ ያቃጥለዋል፤ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው በግምት አንድ አሥረኛው ነው። ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ገደማ አሳ ይፈልጋል። ያን አንድ ኪሎ ለማብቀል ወደ አሥር ኪሎ አልጌ ሄዷል ማለት ነው። የተቃጠለው ሙቀት ሆኖ ወጥቷል፤ ማንም አይመልሰውም። ፍጥረታቱን የሚያበቅለው ንጥረ ነገር ተመልሶ ይዞራል፣ ኃይሉ ግን አንዴ ያልፋል። አብያታ ያን ሁሉ ወፍ የቻለው ሰንሰለቱ አጭር ስለነበረ ነው፤ ቆሮሶው አልጌውን በቀጥታ ስለሚበላ መሐል ላይ የሚቀማ ሌላ አፍ የለም።

አሥር በመቶ ስል ደግሞ ዝም ብላችሁ አትሸምድዱ። ሐሳቡን በቁጥር የጀመረው ሬይመንድ ሊንደማን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ላይ ዓመታት ፈጅቶ። የእሱ አሃዞች ከደረጃ ደረጃ ይለያያሉ፤ አሥር የኋላ ሰዎች ያጠጋጉት ነው። ጽሑፉን የመረመሩት ሊቃውንት መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ሲታተም እሱ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞቶ ነበር። ቀይ እስክርቢቶ እንግዲህ እኔ ጋ ብቻ አይደለም ያለው፤ ይህ ግን አያጽናናኝም።

ከሻላ ስመለስ ማርኩን አስተካከልኩ? አላስተካከልኩም። ሮስተሩ ተሠርቶ ገብቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ክፍል ገብቼ ተሳስቻለሁ ማለት ሮስተር አይነካም ነበር፤ እሱንም አላልኩም። አምስቱ ማርክ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ልጁ በደህና አልፏል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጁን አላወጣም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ተዛወርኩ፤ የት እንደደረሰም አላውቅም።

ሐይቁ የደረሰበትን ግን አውቃለሁ። አብያታ መውጫ የለውም። ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ውሃው ሐይቁ ሳይደርስ ለመስኖ ተቀዳ፣ ከራሱም ከሐይቁ ለብርጭቆና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆነው ሶዳ አሽ ተሳበ፤ ሐይቁ ሸሸ፣ የቀረው ውሃ ጨውነቱ በረታ፣ ቆሮሶው አለቀ። አሳ አዳኙ ንስርም ተመናመነ። ፍላሚንጎ ግን አልጌውን ራሱ ስለሚያጣራ በዛ፤ የጠፋውን አሳ ዘሎ ከታች ይበላል። ለሻላ ፔሊካን ጓዳው ተዘጋ። ዝዋይ ድረስ ልሂድ ቢል የሚጨምረው እያንዳንዱ ኪሎሜትር ከጫጩቷ አፍ የሚቀነስ ነው። ሻላ በካርታ ላይ አልተነካም፤ ጥልቀቱም እንዳለ ነው። ሻላን ብቻ በሳጥን ከልሎ የሚያይ ሰው ደሴቷ ለምን ጸጥ እንዳለች ሊያውቅ አይችልም።

እናንተ ተማሪዎች፣ በርትታችሁ አጥኑ የሚለውን ከእናቶቻችሁ ትሰሙታላችሁ፤ እኔ አልደግመውም። እናንተ ግን ትቸኩላላችሁ። አብያታ ዳር ሄዳችሁ ፍላሚንጎውን ከኋላ አድርጋችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ አሳው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ዝዋይ ወደብ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የአሳ አንጀት ሲሻማ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፤ አሳውን የሚመለምለውን ሰውዬ ግን አታናግሩትም፤ ዘንድሮ ቆሮሶው ለምን እንዳነሰ የሚነግራችሁ እሱ ነበር። ይህን ስል ደግሞ አፍራለሁ፤ አራት ዓመት ያልሄድኩት እኔው ነኝ። ይህቺው የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኳ ላይ ከሰማይ የተነሣ የአብያታን ፎቶ፣ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። እኔ ሃያ ዓመት የፈጀብኝን በአንድ ደቂቃ አየችው።

ያን ቀን ጥያቄዋን ስትጠይቀኝ፣ "ይወጣል፤ አውጪው" አልኳት። ከሳጥኑ አውጥታ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደሴት ሣለች። የፔሊካኑ ኩስ ሻላ ውስጥ ይገባል ስላት ደግሞ ሌላ ቀስት ጨመረች።

ማክሰኞ ወረቀቱ ተመለሰ። ከአሥር ስምንት። ሁለቱ የተቀነሰው ቀስቱ ከሳጥኑ ስለወጣ ነው። "አባባ፣ ልሂድና መምህሯን ላስረዳት?" አለችኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። "ተዪው፣ ሁለት ማርክ ነው" አልኳት።