መለያ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ የሚደርሰው ለምንድን ነው? የትስ ላስቀምጠው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር (በማይክሮሶፍት የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ከዚህ በኋላ «ኮር» የምለው) የሠራኸው የማስተካከያ ገጽ አለ። ተጠቃሚው ከሠንጠረዡ አንድ ረድፍ መርጦ «አስተካክል» ሲል ቅጹ በትክክል ተሞልቶ ይከፈታል፤ «አስቀምጥ» ሲል ግን ወደ ኮንትሮለሩ (ጥያቄውን ወደሚቀበለው የሰርቨሩ ኮድ) የሚደርሰው መለያ ቁጥር ዜሮ ነው። አያይዘህም ቁጥሩን በድብቅ መስክ፣ በሴሽን (ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሚይዘው ማስታወሻ) ወይስ በአድራሻው ላይ ብልከው ይሻላል፣ ድብቅ መስኩንስ ተጠቃሚው ሊቀይረው ይችላል ወይ ብለሃል። ሦስቱም መንገዶች ይሠራሉ የሚሉህ አይጠፉም። እውነታቸውን ነው። በሙከራ ቀን ሁሉም ይሠራል።

ከዜሮው ልጀምር። ብሮውዘር ቅጽ ሲልክ መስኮቹን የሚጠራቸው «ኔም» በተባለው ባሕርያቸው ነው። «አይዲ» የሚባለው ለስታይልና ለጃቫስክሪፕት የሚያገለግል መጠሪያ ነው፤ ሰርቨሩ አያውቀውም። ስለዚህ አይዲ ኖሮት ኔም የሌለው ድብቅ መስክ፣ ውስጡ 57 ቢጻፍበትም ከገጹ ወጥቶ አይሄድም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ፣ ተጠቃሚው ቁጥሩን እንዳይነካው ተብሎ «ዲስኤብልድ» የተደረገ መስክ ነው። እንዲህ ያለ መስክ አይላክም፤ «ሪድኦንሊ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይላክ ነበር። ሦስተኛው የስም አለመገጣጠም ነው፦ ቅጹ «ከስተመር አይዲ» ብሎ ይልካል፣ ሜተዱ (ጥያቄውን የሚያስተናግደው የኮንትሮለሩ ክፍል) «አይዲ» የሚል ፓራሜትር (የእሴት መቀበያ) ይዞ ይጠብቃል። ኮር የሚያዛምደው በስም ስለሆነ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ፓራሜትሩ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆነ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ዜሮ ያስቀምጥልሃል። ከኮር በፊት የነበረው ኤምቪሲ 5 በዚህ ጊዜ ገጹን በቀይ ስሕተት ይሞላው ነበር። ያኔ እንረግመው ነበር፤ አሁን ይናፍቀኛል።

በአንተ ሁኔታ ግን እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው አራተኛውን ነው። ቅጹ በየትኛው ሜተድ ተከፍቶ ወደ የትኛው ሜተድ እንደሚላክ ተመልከት። ሁለቱም «ኤዲት» ከተባሉ ታግ ሄልፐሩ (የቅጹን ኮድ የሚያመነጭልህ የኮር መሣሪያ) አሁን ካለህበት አድራሻ ላይ መለያ ቁጥሩን ራሱ ወስዶ በቅጹ መድረሻ ላይ ይጨምርልሃል። የሚያስቀምጠውን ሜተድ «አፕዴት» ብለህ ከሰየምከው ግን መድረሻው ሌላ ስለሆነ ቁጥሩን ይዞ አይሻገርም። አንድ ሰው ስሞችን ለማሳመር ብሎ ይቀይራል፣ ኮዱ ያለ ስሕተት ይገነባል፣ ቁጥሩ በመንገድ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ በቅጹ መክፈቻ ላይ «ኤኤስፒ ራውት አይዲ» የሚለውን ባሕርይ በግልጽ መጻፍ ነው። ስሞቹ አንድ ቢሆኑም እንኳ እኔ ሁልጊዜ እጽፈዋለሁ።

ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አትገምት። በኤፍ 12 የብሮውዘሩን የፕሮግራመር መሣሪያ ክፈት፣ ኔትወርክ የሚለውን ምረጥ፣ ከዚያ «አስቀምጥ»ን ተጫን። የተላከውን ጥያቄ ስትከፍት አድራሻውንም የቅጹንም ይዘት ታያለህ። ቁጥሩ እዚያ ከሌለ ጥፋቱ የገጹ ነው፤ እዚያ ኖሮ ኮንትሮለሩ ካላገኘው ጉዳዩ የስም ነው። ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ግን ትዝ የሚለው ኮንትሮለሩን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ከጻፈ በኋላ ነው፤ ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ዜሮውን ግን ንቀህ እንዳታልፈው። አንድ ጊዜ የደንበኞች መመዝገቢያ ገጽ ሠርቼ ነበር። መዝጋቢዋ «አስቀምጥ» ስትል መዝገቡ ይገባል፣ ገጹም ሳይዘጋ «ተመዝግቧል» ይላታል፤ የተሳሳተ ፊደል ካየች እዚያው አርማ ደግማ ታስቀምጣለች። ብዙም ሳይቆይ «ሲስተምህ ሰው ያባዛል» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። እውነትም አንድ ደንበኛ 4 ጊዜ ተመዝግቧል፤ አራቱ የሚለያዩት በፊደል እርማት ብቻ ነው። ኮዱን በዲበገር አቁሜ ስመለከት ከመጀመሪያው ምዝገባ በኋላ ሞዴሉ (የመዝገቡን መረጃ የሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ ያለው ቁጥር 57 ነው። የገጹን ምንጭ ስከፍት ድብቁ መስክ 0 ይላል። 57 እየሰጠሁት 0 የሚጽፍብኝ ማን ነው? ቀኑ በዚህ አለቀ።

ሞዴል ስቴት ነበር፦ ኮር ከቅጹ የተላከለትን የሚያስታውስበት ቦታ። ከፖስት (ቅጹ ከተላከ) በኋላ ያንኑ ገጽ መልሰህ ስታሳይ ድብቅ መስኩ የሚሞላው ከሞዴሉ ሳይሆን ተጠቃሚው ቀደም ሲል ከላከው ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልተሠራም፦ ሰውየው በቁጥር ቦታ ፊደል ጽፎ ስሕተት ሲነገረው፣ የጻፈው ነገር ራሱ ሊታየው ይገባል። በእኔ ገጽ ግን መጀመሪያ የተላከው 0 ስለነበር 0 ተመልሶ ታተመ። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር (ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ደግሞ ቁልፉ በዳታቤዙ የሚመነጭ ሆኖ ሳለ ዜሮ ቁልፍ ያለው ነገር በራሱ የ«አፕዴት» ትእዛዝ ሲሰጠው አዲስ ነው ብሎ ይጨምረዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ ሲገናኙ ሰው ያባዛሉ። ያስተካከልኩት ካስቀመጥኩ በኋላ ገጹን መልሼ ማሳየት ትቼ ተጠቃሚዋን ወደ 57 የማስተካከያ አድራሻ በማዘዋወር ነው። ይህ ገጹ ሲታደስ ቅጹ ዳግመኛ እንዳይላክም ያግዳል። በተጨማሪም የማስተካከያው ሜተድ ከ1 ያነሰ ቁጥር ሲመጣለት ወዲያው እንዲመልስ አደረግሁ። ዜሮ ይዞ ወደ ዳታቤዝ የሚወርድ ኮድ አሁን ስገመግም አላሳልፍም።

የት ላስቀምጠው ላልከው የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ መለያ ቁጥሩ በአድራሻው መንገድ ላይ ይሁን፣ እዚያም ብቻ ይሁን።

ሴሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተጠቃሚው በአንድ ታብ 57ን ይከፍታል፤ ሴሽኑ 57 ይዟል። በመሃል ሌላ ጉዳይ ይመጣና በሁለተኛ ታብ 61ን ይከፍታል፤ ሴሽኑ 61 ይሆናል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ታብ ተመልሶ የ57ን መረጃ አርሞ «አስቀምጥ» ይላል። መረጃው በ61 ላይ ይጻፋል። ማንም ስሕተት አያይም፣ ሎጉም ንጹሕ ነው፣ የ61 የቀድሞ መረጃ ግን የለም። ታቦቹ ሁለት ቢሆኑም ሴሽኑ አንድ ነው። ይህን ጉድ በገዛ እጄ አምጥቼ መዝገቦችን ከመጠባበቂያ ቅጂ አንድ በአንድ ስመልስ ያደርኩበት ሌሊት አለ፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ሴሽን ማን እንደገባ ይወቅ፤ የትኛው መዝገብ እንደተከፈተ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱ ይዞ ይምጣ።

ድብቅ መስኩስ? ብቻውን ሲሆን ይሠራል። ችግር የሚመጣው ቁጥሩ በአድራሻውም በድብቅ መስኩም ሲኖር ነው፣ ብዙ ገጾች ላይ ደግሞ በሁለቱም ይገኛል። ኮር እሴት ሲፈልግ የቅጹን ይዘት ከአድራሻው ያስቀድማል። አድራሻው 57 እያለ አንድ ሰው ድብቁን መስክ 61 አድርጎ ቢልከው፣ «አይዲ» የሚለው ፓራሜትርህ 61 ይሆናል። አድራሻውን አይቶ ፈቃድ የሚመረምር ሌላ የኮድ ክፍል ካለህ፣ እሱ 57ን መርምሮ ያሳልፋል፤ የሚጻፈው በ61 ላይ ነው። ስለዚህ ፓራሜትሩ ላይ «ፍሮም ራውት» ብለህ ጻፍና ከአድራሻው ብቻ እንዲወስድ አስገድደው፤ ከቅጹ የሚቀበለው ሞዴል ውስጥ ደግሞ መለያ ቁጥሩን ጭራሽ አታካትት። ማይክሮሶፍት በራሱ የሚያመነጨው የኤዲት ሜተድ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ «አልተገኘም» የሚል መልስ የሚሰጥ መስመር አለ። ብዙዎች ትርፍ መስሏቸው ይሰርዙታል። ቁጥሩ ሞዴልህ ውስጥ እስካለ ድረስ አትሰርዘው።

ድብቅ መስክ ጥሩ የሚሆንለት ሌላ ሥራ አለው፦ የመዝገቡን የእትም ምልክት፣ ማለትም ሮው ቨርዥኑን መሸከም። ሁለት ሰዎች አንድ መዝገብ ከፍተው ከሆነ ሁለተኛው ሲያስቀምጥ የመጀመሪያውን ሥራ ሳያውቅ እንዳይደፈጥጠው የሚከላከለው እሱ ነው።

ተጠቃሚው ሊቀይረው ይችላል ወይ? አዎ፣ ያለ ምንም ችሎታ። ያው ኤፍ 12 ይበቃዋል። ድብቅ የተባለው ከዓይን ነው፤ ከእጅ አልተደበቀም። በአድራሻው ላይ ያለውንማ መቀየር አንድ አኃዝ መጻፍ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳይቀየር በመከላከል ላይ ጉልበትህን አትጨርስ። ከቅጽ የመጣ ቁጥር «ይህን መዝገብ ስጡኝ» የሚል ጥያቄ ነው፤ መፍቀድና መከልከል የሰርቨሩ ፈንታ ነው። በተግባር እንዲህ አድርግ፦ መዝገቡን በመለያ ቁጥሩ ብቻ አትፈልገው፤ ቁጥሩ 57 የሆነና ባለቤቱ የገባው ተጠቃሚ የሆነ መዝገብ ብለህ በአንድ መጠይቅ ፈልገው። የባለቤቱን ቁጥር ከሴሽኑ ወይም ከመግቢያ ኩኪው ውሰድ፤ ከቅጹ ፈጽሞ አትቀበል። ካልተገኘ 404 («አልተገኘም») መልስ። 403 («ተከልክሏል») ብትመልስ መዝገቡ መኖሩን ነግረኸዋል። ምርመራውን አስቀድሞ ለብቻው ከማድረግ ይልቅ በመጠይቁ ውስጥ መክተቱን የምመርጠው፣ ለብቻው የቆመ ምርመራ አዲስ ሜተድ ሲጻፍ ስለሚረሳ ነው።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 አንድ ፕሮግራመር በጊትሀብ (በኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ) ኮድ ለመላክ የሚያስፈቅደውን ቁልፍ ማስገቢያ ቅጽ ላይ የባለቤት መለያ ቁጥር የሚል መስክ ከራሱ ጨምሮ ላከ። ሰርቨሩ የመጣለትን መስክ ሁሉ ይቀበል ስለነበር ቁልፉን የሬይልስ (ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ) ፕሮጀክት ባለመብት በሆነ አካል ስም መዘገበለት፤ እሱም ወደ ፕሮጀክቱ ኮድ ጽፎ አሳየ። በቅጹ ላይ ያ መስክ ጭራሽ አልነበረም። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የድረ ገጽ ሥጋቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው የተሰበረ የፈቃድ ቁጥጥርን ነው።

«እንግዲያው ተራ ቁጥሩን ትቼ ዩዩአይዲ (ረጅም መለያ) ልጠቀም» የሚል አሳብ ይመጣብህ ይሆናል። ተጠቀም፤ አራተኛው ዓይነት 122 የዘፈቀደ ቢት ስላለው በግምት አይገኝም። ነገር ግን አድራሻ ይገለበጣል፣ በኢሜይል ይላካል፣ ሎግ ውስጥ ይቀመጣል። የፈቃድ ምርመራውን አይተካልህም። ቁጥሩን አመሳጥሮ መላክንም ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ምርመራው ካለ አያስፈልግም፣ ምርመራው ከሌለም አያድንም።

ስለ ሠንጠረዡ ጥቂት ልጨምር። የመሰረዣውን ቁልፍ ሊንክ አታድርገው። ሊንክ በጌት (ገጽ ለማንበብ በተሠራው የጥያቄ ዓይነት) ነው የሚሄደው፣ ጌት ደግሞ ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጉግል ዌብ አክስሌሬተር ገጾችን ለማፍጠን ሊንኮችን አስቀድሞ ሲከፍት፣ መሰረዣቸው ሊንክ በሆነ ገጾች ላይ መረጃ እየተሰረዘ ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ረድፍ ትንሽ የፖስት ቅጽ ሥራ፤ ቅጹንም በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ክተተው። ረድፉን ጠቅልለህ ቅጽ ብታለብሰው ብሮውዘሩ ኮዱን ሲያነብ ያፈርሰዋል። ሠንጠረዡን በሞላ በአንድ ቅጽ አድርጎ፣ ለየረድፉ ኔምና ቫልዩ ያለው ቁልፍ መስጠትም ይቻላል፤ የሚላከው የተጫነው ቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም በዚያው ቅጽ ውስጥ የመፈለጊያ ሣጥን ካለና ተጠቃሚው ኢንተር ከመታ፣ ብሮውዘሩ እንደተጫነ የሚቆጥረው በቅጹ ውስጥ መጀመሪያ የመጣውን የመላኪያ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ «ሰርዝ» ከሆነ የቀረውን አንተ ጨርሰው።

ምልክት ማድረጊያ ሣጥኖች ካሉህ ደግሞ ምልክት ያልተደረገበት ሣጥን እንደማይላክ አትርሳ። የቁጥሮች ዝርዝርና የሣጥኖች ዝርዝር ለየብቻ ልከህ በተራቸው ላዛምዳቸው ብትል ይፋለሱብሃል። መለያ ቁጥሩን ራሱን የሣጥኑ ቫልዩ አድርገው፤ የሚደርስህ የተመረጡት ቁጥሮች ብቻ ይሆናሉ።

ጃቫስክሪፕት በመሃል ከገባና መለያ ቁጥሮችህ ረጃጅም ከሆኑ፣ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አትያዛቸው። ከ9007199254740991 በላይ ያለውን ጃቫስክሪፕት በትክክል መያዝ አይችልም፤ 9007199254740993 ብለህ ብትሰጠው 9007199254740992 ብሎ ይመልስልሃል፣ ያ ደግሞ የሌላ ሰው መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ዜሮ ከመጣብህ፣ የቅጹን መክፈቻ መስመር፣ የሜተዱን ስም ከነፓራሜትሮቹና ከኔትወርኩ ላይ የተላከውን ይዘት ለጥፍልን። የጸረ ማጭበርበሪያ ቶከኑን (ቅጹ ከራስህ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ኮድ) ሸፍነው።