የሙሽራው ጫማ ለምን ይሰረቃል?

ጥያቄ፦ በሕንድ ፊልሞች ሰዎች ሲጣሉ «ጁታ» የሚለውን ቃል አዘውትሬ እሰማለሁ፤ በሰርግ ላይ ደግሞ የሙሽራው ጫማ ተሰርቆ ሁሉም ይሳሳቃል። ጫማ እንዴት ስድብም ጨዋታም ሊሆን ቻለ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ «ጁታ» በሂንዲ ሽፍን ጫማ ነው፤ «ጁቲ» ቀለል ያለው፣ ብዙ ጊዜም በጥልፍ የሚያጌጠው ሲሆን፣ ነጠላ ጫማ «ቸፐል» ይባላል።

ፈሊጦቹ ግን አብዛኞቹ የውርደት ናቸው። «ጫማ መላስ» ማጎብደድ ነው፤ ሰውን «በጫማ ጫፍ ማኖር» ከቁብ አለመቁጠር ነው፤ ወገን እርስ በርሱ ሲናቆር «ክኩ በጫማ ታደለ» ይባላል፤ በጫማ ለመምታት ብቻ የሚያገለግል «ጁቲያና» የሚል ግስ እንኳ አለ። ሴትን «የእግር ጁቲ» ማለት፣ ከእግር በታች የምትውል ዕቃ ናት እንደ ማለት ስለሆነ፣ ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል።

የንቀቱ ሥር እግር የሰውነት ዝቅተኛ ክፍል መሆኑ ብቻ አይደለም። በሂንዱ ልማድ የሞተ እንስሳ ቆዳ እንደ ርኩስ ስለሚታይ፣ ቆዳ ሠሪዎች ከማኅበረሰቡ ግርጌ ተገፍተው ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሰውን «አይነኬ» ማለትን ቢከለክልም ፈሊጦቹ አልተሻሩም። ፋቂን ስንንቅ ለኖርነው ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ከውርደት የራቁም አሉ። «ጁቲ መጨረስ» እኛ «እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ» የምንለው ነው። በጥንታዊው የሂንዱዎች ተረክ በራማያናም ባረታ የተሰደደውን ወንድሙን የራማን ጫማ በዙፋን ላይ አኑሮ፣ 14 ዓመት በእርሱ ስም አስተዳድሯል፤ የታላቅ ሰው ጫማ ሲሆን ክብሩ እንዲህ ይገለበጣል።

ሰርጉ ላይ ያዩት «ጁታ ቹራኢ»፣ ማለትም ጫማ መስረቅ፣ ይባላል። መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንደምናደርገው፣ ሙሽራው ሥርዓቱ ወደሚፈጸምበት እሳት ሲቀርብ ጫማውን ያወልቃል፤ የሙሽሪት እህቶችና የአጎት ልጆች የሚጠብቁት ይህችኑ ሰዓት ነው። ጓደኞቹ ቢጠብቁትም ልጃገረዶቹ ይሸሽጉታል፣ ከዚያም እኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን በር ዘግቶ ሰርገኛውን እንደሚያስለምነው፣ ገንዘብ ካልተከፈለን አንመልስም ይላሉ። ክርክሩ የሚረዝመው ሁለቱ ቤተሰቦች እንዲላመዱ ተብሎ ስለሆነ፣ ቶሎ የሚከፍል ሙሽራ ጨዋታውን ያበላሻል።