ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ሲመጣ

ጥያቄሽን ላሳጥረው። የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ። ሊስፕ የሚባለውን፣ ትእዛዙን ሁሉ በቅንፍ የሚጽፈውን የፕሮግራም ቋንቋ የመሰለ ትንሽ ቋንቋ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ ተብላችኋል። አንድ ቅንፍ ብቻ ሲሆን ይሠራልሻል፤ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ሲመጣ ኮድሽ ይዘባርቃል። «በሊስፕ ማን ይቀጥረኛል? ትቼው ሥራ የሚያስገኝ ነገር ብማር አይሻልም?» ብለሻል።

አትተዪው። በሊስፕ የሚቀጥር ድርጅት ጥቂት ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ይህ ችግር ግን ስሙን እየቀያየረ ሥራ ቦታም ይጠብቅሻል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጊና ወረቀት አውጪ። ይህን ጻፊ፦

(* (+ 2 3) (- 10 4))

ከውጭ ጀምሪ። ምልክቱ ከቁጥሮቹ ፊት ነው የሚጻፈው፤ * ማለት ማባዛት ነው፤ የሚባዙት ግን ገና አልታወቁም። ማባዛቱን በይደር ያዢው። (+ 2 3) ስንት ነው? 5። (- 10 4)ስ? 6። አሁን ወደ ይደሩ ተመለሺ፦ 30። ልብ ካልሽ፣ ለትንሹም ለትልቁም ቅንፍ የተጠቀምሽው ደንብ አንድ ነው። ፈንክሽንሽም (ስሌቱን የሚሠራው የኮድሽ ክፍል) ይኸው ነው፤ ቁጥር ከመጣለት ቁጥሩን ይመልሳል። ቅንፍ ከመጣለት ውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ መልሶ ለራሱ ይሰጣል፣ ከዚያ ምልክቱ ያዘዘውን ይሠራል። በቃ።

የላክሽልኝ ኮድ ግን «አንድ ደረጃ ከሆነ፣ ሁለት ደረጃ ከሆነ፣ ሦስት ከሆነ» እያለ ይሄዳል። አራተኛው ሲመጣ ምን ልትሆኚ ነው? ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ፈንክሽኑን ስለማያምነው ነው። እስከ ውስጥ ድረስ ሊከተለው ይሞክርና መንገድ ይጠፋበታል። አንቺ ትንሹን በትክክል ይመልሳል ብለሽ ተዪለት፤ ያለሽበትን ደረጃ ብቻ ሥሪ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ኢፍ፣ ሁኔታ አይቶ ከሁለት ምርጫ አንዱን የሚወስደው ትእዛዝ። እሱ ላይ «ሁሉንም አስቀድመሽ አስዪ» የሚለው ደንብ አይሠራም። በቋንቋሽ ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን የሚያባዛ ፈንክሽን) ጽፈሽ ሁለቱም ምርጫዎች ቀድመው ከተሰሉ፣ ፈንክሽኑ ራሱን መጥራት አያቆምም፤ ስታኩ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚያዙበት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ) ሞልቶ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሁኔታውን ብቻ አስዪና አንዱን ምረጪ። እኔ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ነገር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጥፋቱ መደመሩ ላይ መስሎኝ እሱን ስበረብር!

ጨዋታ ካነሳን አይቀር፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲ ሊስፕን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀምር፣ ይህን የሚያሰላ ፈንክሽን ወረቀት ላይ የጻፈው እንዲነበብ ብቻ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ፕሮግራመር ስቲቭ ራስል ልሥራው ሲለው፣ ማካርቲ ንድፈ ሐሳብን ከተግባር እያምታታህ ነው አለው። ራስል ግን አይቢኤም 704 በተባለው ኮምፒውተር ማሽን ኮድ ጻፈው፤ ሠራም።

ኢንተርቪው ላይ ስለ ሊስፕ አይጠይቁሽም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ያለበትን ጠቅላላ መጠን አስዪ፣ ወይም ይህን የተደራረበ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) አንብቢ ይሉሻል። ያው ነው። ሲቪሽ ላይም «ሊስፕ እችላለሁ» አትበይ፤ «ለትንሽ ቋንቋ ኢንተርፕሪተር (ኮድ አንብቦ የሚያሰላ ፕሮግራም) ጽፌአለሁ» በይ። ያልተዘጋ ቅንፍ ሲገባበት ምን ብሎ እንደሚመልስም አዘጋጂ፤ እኔ ጠያቂ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ለዛሬ ይህን በወረቀት ሥሪና ለጓደኛሽ ጮክ ብለሽ አስረጂ፦

(+ 1 (* 2 (- 9 (+ 3 4))))

መልሱ 5 ነው። ሌላ ቁጥር ከወጣልሽ መቀነሱን ፈትሺ፤ ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።