ስማቸው ያልገነነ ጠንካራ ሯጮችን መከተል ይጠቅማል ወይ?

ጠያቂያችን ያነሱት ጥያቄ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ የሚጨርሱ፣ ስማቸው ከከተማቸው ያላለፈ ሯጮችን ተከታትሎ መማር ይጠቅማል ወይስ የዓለም ምርጦችን ማየት ይሻላል የሚል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከሥራ በፊት መሮጥ ከጀመርኩ 9 ዓመት ስለሞላኝ የደረሰብኝን ልጻፍ። በእኔ እምነት ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ያለው ግን ብዙዎቻችን በምንፈልግበት በኩል አይደለም።

መጀመሪያ የተከተልኩት ትልልቆቹን ነበር። ኬንያዊው ሯጭ ኬልቪን ኪፕቱም እ.ኤ.አ. በ2023 የቺካጎ ማራቶንን በ2:00:35 ሲገባ፣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ገደማ እንደሮጠው አስልቼ ተደንቄአለሁ፤ መደነቄ ግን ለማክሰኞ ልምምዴ የጨመረልኝ ነገር አልነበረም። በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥ፣ ከሰዓት በኋላ የሚተኛና አሠልጣኝ ያለው ሰው ፕሮግራም በግማሽ ቀንሼ ስሞክር በሁለተኛው ወር ቅልጥሜን ታምሜ 6 ሳምንት ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከዚራ ሰፈር የማገኘውን አንድ ሯጭ ተጠጋሁ። ቀኑን መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ይውላል፤ ማራቶን ሲሮጥ ግን ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል። «ነገ ቀላል ነው፣ አብረኸኝ ሩጥ» ሲለኝ ፈርቼ ሄድኩ፤ እርሱ ግን ኪሎ ሜትሩን ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ እየፈጀ፣ ስለ ቤት ኪራይ እያወራኝ ሮጠ። እኔ ብቻዬን ስሆን በየቀኑ ከዚያ እፈጥን ነበር! በቀላል ቀኔና በውድድር ፍጥነቴ መካከል 15 ሰከንድ ብቻ ሲኖር፣ የእርሱ ልዩነት ከ2 ደቂቃ ያልፋል። ይህን በቴሌቪዥን ከሚታይ ውድድር ልማረው አልችልም ነበር።

ሙቀቱንም የተማርኩት ከእርሱ ነው። በግንቦትና በሰኔ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንኳ አየሩ በማይቀዘቅዝበት ወቅት፣ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፤ ደሙ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ልብ በዚያው ፍጥነት የበለጠ እንደሚመታ ያውቃልና በትንፋሹ ይመራል። ረጅም ሩጫ ሲኖረው የደንገጎን ዳገት ይወጣና በሚኒባስ ይመለሳል፤ ጭን የሚሰብረው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው ይላል። (ላቡ ወንበር እንዳያረጥብ ረዳቱ ካርቶን ያነጥፍለታል።)

ይሁንና የእርሱን ሳምንታዊ ኪሎ ሜትር አልገለበጥኩም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሮጠ እግር ያለው ሰው የሚሸከመውን እኔ አልሸከምም። ሁሉም እንደ እርሱ ናቸው ማለትም አይደለም። ፈጣን ቀኑን ብቻ እየለጠፈ ፕሮግራም የሚሸጥ ሞልቷል። ስለዚህ ጠያቂያችን አንድን ሯጭ መከተል ሲጀምሩ ከምርጥ ሰዓቱ በፊት የቀላል ቀን ፍጥነቱን፣ ያቋረጣቸውን ልምምዶችና ሳይጎዳ የቆየባቸውን ወራት ይመልከቱ፤ እነዚህን የሚደብቅ ከሆነ ይለፉት።